ቧንቧው ያዘነላቸው ሰው

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ይመር ፊታቸውን ሊታጠቡ ቧንቧውን ቢከፍቱት ቧንቧው አዘነላቸው።

ውሃውን እንደ ጎረቤት ቧንቧ ቧ አያደርገውም። እየተጎተተ፣ እየቆየ፣ በትዝታ ቅኝት ጠብ ጠብ ያደርግላቸዋል። የሻይ ማንቆርቆሪያቸውም ሲፈላ አያፏጭም፤ ይተክዛል። ደረጃው በረገጡት ቁጥር «እህህ» ይላል። ጋሽ ይመር ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ምንም አልሆኑም። ሌሊቱን እንቅልፍ ጠግበው አድረዋል። ጉልበታቸውን አላመማቸውም። ሁለት እንቁላል በቃሪያ ጠብሰው በትኩስ ዳቦ ጥርግ አድርገው በልተዋል።

«ተው እንጂ» አሉት ቧንቧውን፣ ፊታቸውን እያበሱ። «ማንም አልሞተብኝም እኮ።»

ቧንቧው ይህን ሲሰማ ይባስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሐዘንተኛ ሁሉ እንዲህ እንደሚል ያውቃላ።

ይኸውላችሁ፣ በዚያ ዘመን ደሴ ከተማ ውስጥ ድምፅ ያለው ዕቃ ሁሉ ሰው አይቶ ነው የሚናገረው። ሰው ሁሉ አንገቱ ላይ አውራ ጣት የምታህል ማኅተም ያንጠለጥላል፤ ማኅተሟ ውስጥ የሰውዬው ቅኝት አለ። ቅኝቱን የሚያወጣለት ደግሞ የገዛ ቤቱ ነው። ግድግዳው ከጠዋት እስከ ማታ ያዳምጠዋል፣ ሲያንጎራጉር፣ ሲስቅ፣ ሲያስነጥስ ሳይቀር። ያዳመጠውን ለቅኝት ጽሕፈት ቤት ይልካል፣ ጽሕፈት ቤቱም ከአራቱ አንዱን ይሰጠዋል። ደስተኛ ነው ያሉትን ባቲ፣ ኩሩ ነው ያሉትን አምባሰል፣ ልቡ ገና አልረጋም ያሉትን አንቺሆዬ፣ አዝኖ ወደ ኋላ ወደ ኋላ የሚያየውን ደግሞ ትዝታ። እንዲህ ብሎ የከፋፈለው ጽሕፈት ቤቱ ነው እንጂ የጥንቶቹ አዝማሪዎች ቢሰሙ በሳቅ ይፈነዱ ነበር። ከዚያ ወዲያ በር የሚከፈትላችሁ በቅኝታችሁ ነው። ወንበር የሚሸከማችሁም፣ ሊፍት የሚያወጣችሁም በቅኝታችሁ ነው።

ዕቃውስ ይሁን። ትዝታ የወጣለት ሰው መከራው ሌላው ሰው ነው። ያን ጠዋት ጋሽ ይመር አውቶቡስ ሲሳፈሩ በሩ ረጅምና ዝግ ያለ ዜማ አወጣ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያቸው። አንዲት ወጣት ብድግ ብላ ቦታዋን ለቀቀችላቸው።

«እግዜር ያጥናዎት፣ አባባ።»

«ከምኑ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? በሩ ነው የነገረኝ።»

«ይሄን በር ባለፈው ወር የጠገንኩት እኔ ነኝ። ለኔ ምንም አልነገረኝም» አሉና ተቀመጡ።

የልጅቱ ዐይን እንባ አቀረረ። ሐዘን እንዲህ ያስቀባጥራል ብላ ነው።

የጋሽ ይመር ሥራ የበር ጉሮሮ መጠገን ነው። የበሩ፣ የአውቶቡሱ፣ የሊፍቱ፣ የቧንቧው ድምፅ የሚወጣባትን ክብ ነገር የከተማው ሰው ጉሮሮ ይላታል። ጉሮሮን አቧራ ይበላታል፣ ብርድ ይሰነጥቃታል፣ የደሴ ጭጋግ ደግሞ ያሻግታታል። ከሆጤ ሰፈር እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለ ሰው ጉሮሮ ሲዘጋበት ፈትቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ጋሽ ይመር ነው። ቤታቸውና ሱቃቸው አንድ ነው። ጠግነው ሲጨርሱ የሚፈትኑባት አንዲት መንገድ አለቻቸው፤ ሥራውን ካስተማሯቸው ሰው የወረሷት። ጉሮሮዋን አፋቸው ድረስ አስጠግተው አንዲት ሐረግ ያዜማሉ። ቃል የላትም። ከደረት ትነሳለች፣ እየተጎተተች ትወጣለች፣ ላይ ደርሳ ትንሽ ትቆማለች፣ መልሳ ትወርዳለች። ፈጣን ዜማ ስንጥቅ ይሸፍናል፤ ዝግ ያለው ግን ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ በቀን ሠላሳ ጉሮሮ ቢጠግኑ ሠላሳ ጊዜ ያዜሟታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ። ግድግዳው ምን ያድርግ? ይህ ሰው በቀን ሠላሳ ጊዜ ይተክዛል ብሎ ጻፈ።

ሚስታቸው ካረፉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ጋሽ ይመር በወጉ አልቅሰው ቀብረዋል፣ አንዲት ልጃቸውንም አሳድገው ድረዋል። የሰፈሩ ሰው ግን «ይመር እኮ እስከ ዛሬ ሚስቱን ነው የሚያለቅሰው» እያለ ያደንቃቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር እሳቸውም አላስተባበሉም። ትዝታ የወጣለት ሰው ወረፋ አይጠብቅም፣ ዳቦ ቤትም ትኩስ ትኩሱ ይመረጥለታል። ችግር የመጣው ማግባት ያማራቸው ጊዜ ነው።

ትርንጎ ትባላለች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከፒያሳ ጦሳ ተራራ ድረስ በሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ የሚወጣውን የገመድ መኪና ትነዳለች። የካቲት ላይ የመኪናው ጉሮሮ ተሰነጠቀና ጋሽ ይመርን አስጠሯቸው። መኪናው ከጭጋጉ በላይ ወጥቶ እንደተንጠለጠለ ጠግነው ጨረሱ፣ እንደ ልማዳቸውም ያቺን ሐረግ አዜሙ።

«እስቲ ይድገሙልኝ» አለች ትርንጎ፣ መሪዋን እንደያዘች።

«ተስተካክሏል እኮ። ስንጥቅ የለውም።»

«ስለ ስንጥቁ አይደለም።»

ደገሙላት። ያን ጊዜ ነገረቻቸው። የገመድ መኪና ነጂ ቅኝቱ ባቲ ካልሆነ አይቀጠርም፤ ከፍታ የሚፈራ ተሳፋሪ ነጂው ሲተክዝ ከሰማ መስኮቱን ይቧጥጣል። ስለዚህ ግድግዳው እንዲሰማላት በግድ ስትስቅ ከርማ ባቲ አወጣችና ሥራውን ያዘች። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ቤቷ ይፈነድቃል።

«እናቴ የሞተች ዕለት» አለች፣ ዐይኗን ከሽቦው ሳትነቅል፣ «ፊቴን ልታጠብ ቧንቧውን ብከፍተው እስክስታ ይመታል። በሩ ለቀስተኛውን ሁሉ እያስጨፈረ ያስገባል። በገዛ ቤቴ ማልቀስ አፈርኩ፣ ጋሽ ይመር።»

ጋሽ ይመር ለሦስተኛ ጊዜ አዜሙላት።

ከዚያ ወዲያ የገመድ መኪናው ጉሮሮ በየሳምንቱ ይበላሽ ጀመር። ማን እንደሚያበላሸው ተጣርቶ አልታወቀም፤ ብሎኖቹ ላይ ግን የፀጉር መርፌ ጭረት ይታይ ነበር። ጋሽ ይመር በየሳምንቱ ይወጣሉ፣ ይጠግናሉ፣ ያዜማሉ፣ ይወርዳሉ። ግንቦት ሲገባ ነገሩን ፊት ለፊት ተነጋገሩት።

«እኔ በበኩሌ እሺ ብያለሁ» አለች ትርንጎ። «ሁለት ነገር ግን አለ። ወንድሜ ምናሉ ዘንድ ሽማግሌ ይላኩ። ታላቄ ነው፤ ካልተጠየቀ ዕድሜ ልኩን ያኮርፋል። ደግሞ ቅኝትዎን ያስለውጡ። ሁለት ሰው አንድ ቤት ሲገባ ቤቱ ሁለቱን ደምሮ መካከሉን ነው የሚይዘው። የእርስዎ ትዝታ ከተጨመረብኝ እኔ ከባቲ ወረድኩ። ከባቲ ከወረድኩ ከሽቦውም ወረድኩ።»

«ባቲውን አልወደውም ብለሽኝ አልነበረም?»

«ባቲውን አልወደውም። ሽቅቡን ግን እወደዋለሁ።»

ጋሽ ይመር መኪናው ጭጋጉን ቀዶ ሲወጣ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ አይተዋል። ያን ፊት ከዚያ አውርደው ጓዳ ቢያስቀምጡት ምን ይጠቅማቸዋል?

የሽማግሌው ቀን ለእሑድ ተቆረጠ። ያን ሰኞ አውቶቡስ የተሳፈሩትም ቅኝት ጽሕፈት ቤት ሊሄዱ ነው።

እዚያ ያለችው ሠራተኛ ሐያት ትባላለች። ጋሽ ይመር ፊቷ ሲቀመጡ ጠረጴዛው ማኅተማቸውን አየና እንጉርጉሮ ጀመረ፤ ሐያትም ሳታስበው አንደበቷ ለሰለሰ።

«ምን ልታዘዝ፣ አባቴ? ውሃ ላምጣልዎት?»

«ውሃ አልፈልግም። ትዝታዬን አንሱልኝ።»

«እሱ ቶሎ አይነሳም። ጊዜ ነው መድኃኒቱ።»

«የልቤን አላልኩሽም። መዝገብ ላይ ያለውን።»

ሐያት መዝገቡን ከፍታ አየች። «በቀን በአማካይ ሠላሳ አንድ ጊዜ ያንጎራጉራሉ ይላል።»

«ሥራ ነው።»

«ባለፈው ዓርብ አርባ አራት ጊዜ።»

«ዓርብ የትምህርት ቤቱ በሮች መጡልኝ።»

«ሰው ደስ ብሎት አርባ አራት ጊዜ ትዝታ አይልም፣ አባቴ።»

«ልጄ፣ አንቺ በቀን ስንት ጊዜ ‹ምን ልታዘዝ› ትያለሽ?»

«እንጃ። መቶ ይሆናል።»

«ታዲያ መታዘዝ ያስደስትሻል ማለት ነው?»

ሐያት ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ጠረጴዛው ግን እንጉርጉሮውን ከፍ ሲያደርግባት ዋጠችው። ጎንበስ ብላ ደንቡን ነገረቻቸው። ቤቱ እስከ ቅዳሜ ድረስ ሌላ ነገር ከሰማ፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ራሱ ቅኝቱን ያድሳል። «ደስ ደስ የሚል ነገር ያሰሙት» አለች። «ያቺን ሐረግ ግን እንዳይደግሟት። አንድም ቀን።»

ማክሰኞ ጋሽ ይመር በባቲ መፈተን ጀመሩ። ዘለል ዘለል የምትል ዜማ መረጡ፣ ትከሻቸውንም ትንሽ ጨመሩበት። እስከ ማታ አሥራ አምስት ጉሮሮ ፈትነው ለባለቤቶቹ ሰደዱ። ረቡዕ ጠዋት የዕድሩ ዳኛ አንዷን ጉሮሮ በእጃቸው ይዘው ከተፍ አሉ። ማክሰኞ ከቀብር መልስ ሕዝቡ ወደ ዕድሩ አዳራሽ ሲገባ በሩ ሐዘንተኞቹን በእልልታ ተቀብሏቸዋል።

«እልልታ ነው የምልህ፣ ይመር። ረጅም እልልታ። የሟች አማት ብቻ ናቸው ያልተቀየሙት።»

ጋሽ ይመር ጉሮሮዋን አገላብጠው አዩ። ከሥር በኩል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች፤ የበሩ ድምፅ እሷ ላይ ሲደርስ እየተንቀጠቀጠ እልልታ ሆኖ ይወጣል። እንደ ድሯቸው ቢፈትኗት በመጀመሪያው ትንፋሽ ይሰሟት ነበር፤ የባቲው ዝላይ ግን በላይዋ አለፋት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጉሮሮ ተመልሶባቸው አያውቅም። ዳኛውን ይቅርታ ጠይቀው፣ ጉሮሮዋን ጠግነው፣ ደጅ አውጥተው ግድግዳው በማይሰማበት ፈትነው ሰጧቸው። የቀሩትንም አሥራ አራቱን ቤት ለቤት እየዞሩ በየሰዉ ደጃፍ ላይ እንደገና ፈተኗቸው። ማታ እግራቸው አብጦ ተመለሱ። ሱቁን ዘጉና አጥሩን ተደግፈው «ወይ በር ልጠግን፣ ወይ ሚስት ላግባ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ይህን የሰማቸው እንድሪስ ነው። ጎረቤታቸውና አብሮ አደጋቸው ነው፤ እሑድ የሚሄዱት ሦስት ሽማግሌዎች አለቃም እሱ ነው። ቅኝቱ አምባሰል ስለሆነ በር በገባ ቁጥር ጀግና የገባ ይመስላል፤ የሚገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጨው ሊበደር ነው።

«አንተ ሰው» አለ። «ጉሮሮ ጠጋኝ አይደለህም? ማኅተምህን ፈትተህ በወስፌ ነካ ነካ አታደርጋትም?»

«አላደርግም።»

«ለምን?»

«ሰው በሩን አምኖ ነው የሚሰጠኝ፣ እንድሪስ። ዛሬ የራሴን ማኅተም ከጎረጎርኩ ነገ በሰው በር ማን ያምነኛል?»

እንድሪስ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «እንግዲያው ደቦ ነዋ።»

«የምን ደቦ?»

«የሳቅ። አጨዳ ሲደርስብህ ብቻህን ታጭዳለህ? ሰው ትጠራለህ እንጂ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ቤትህ ውስጥ ይሳቅልህ። ግድግዳው ይጠግባል።»

ሐሙስ ከሰዓት ሃያ ሦስት ሰው መጣ። ጋሽ ይመር በደቦ ወግ ንፍሮ ቀቅለው፣ ብርዝ በጥብጠው ጠበቁ። ሰዉ ዙሪያውን ተቀመጠ። እንድሪስ መሐል ቆሞ እንደ አጫጅ መሪ እጁን አነሳ።

«በሉ ሳቁ።»

ማንም አልሳቀም።

አስበውት አያውቁም እንጂ ሰው ታዞ አይስቅም። ደግሞም እያንዳንዱ ቤቱ ሆኖ ሲስቅ የሚጀምርለት ግድግዳው ነው። የባቲ ሰው ገና እግሩ ሲገባ ወንበሩ ያሽካካል፣ ሰውዬው ይከተላል፤ ከዓመት ዓመት እንዲህ ሲኖር ማን እንደጀመረው ይረሳል። የጋሽ ይመር ግድግዳ ግን ይተክዛል። እሱ ሲተክዝ ሃያ ሦስት ሰው ንፍሮውን በመዳፉ ይዞ አንገቱን ደፋ። ቁርጥ ለቅሶ ቤት ሆነ። እትዬ ፋጤ የሚባሉት የሰፈሩ ባልቴት ጭራሽ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«ሃ» አለ እንድሪስ። «ሃ፣ ሃ።»

«ይሄ ሳቅ ነው ወይስ አጥንት ተሰንቅሮብህ ነው?» አለ አንዱ ከበሩ በኩል።

«ካወቅክበት አንተ ና ሳቅ።»

«እኔማ አጫጅ ነኝ። አዝመራው የታለ?»

እትዬ ፋጤ ወደ ጋሽ ይመር ጠጋ አሉ። «ለመሆኑ ሟቹ ማነው፣ ልጄ? ስሙን ሳላውቅ አልቅሺ ቢሉኝ አልችልበትም።»

«እትዬ፣ ለቅሶ አይደለም። ሠርግ ነው።»

«የማን ሠርግ?»

«የኔ።»

እትዬ ፋጤ ጋሽ ይመርን ከራስ ፀጉራቸው እስከ ጫማቸው አዩዋቸው። «ታዲያ» አሉ ነጠላቸውን እንደተዘቀዘቀ ትተው፣ «ብናለቅስስ ምን ይከፋል?»

በመጀመሪያ የሳቀው ከበሩ በኩል ያለው ሰው ነው። ቀጥሎ እንድሪስ። ከዚያ ቤቱ ሙሉ ሳቀ፤ ንፍሮው ተበተነ፣ ብርዙ በአፍንጫ የወጣበት ሰው ነበር። ጋሽ ይመርም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የገረማቸው ነገር ግድግዳው አልጀመረላቸውም፤ እንዲያውም ሲስቁ እሱ አልገባውም፣ ግራ ተጋብቶ ትከዛውን አቋረጠ።

ከዚያ በኋላማ ሰዉን ማን ያስወጣው? ዓርብም መጡ፣ ቅዳሜም መጡ። ለሳቅ የተጠራ ደቦ ሁሉን ዓይነት ሆነ። ባቲ የወጣለት አንድ ባለ ሱቅ ጥግ ይዞ ስለ ልጁ አነባ፤ ቤቱ ሆኖ ሊያለቅስ ሲሞክር ጣሪያው እያጨበጨበ አላስለቅስ ብሎታል። አምባሰል የሆኑት ሁለት ወንድማማቾች ኩራታቸውን ትተው ተኮራረፉ፣ ታረቁ፣ ተመልሰው ተኮራረፉ። እትዬ ፋጤ አንኮራፉ። ሁሉንም ግድግዳው ሰማ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሰዉ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። ግድግዳው አንድ ጊዜ ኸ ኸ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና ዝም አለ። ጋሽ ይመር ቧንቧውን ከፈቱት፤ ውሃ ወረደ፣ እንዲሁ ውሃ ብቻ። ማንቆርቆሪያውን ጣዱት፤ እንዲሁ ፈላ። ማኅተማቸውን በገዛ በራቸው ላይ አስነኩ፤ ጸጥ። የበሩን ጉሮሮ ፈትተው መረመሩ፤ ጤነኛ ናት። ከዚያ ማኅተሟን ገልብጠው ቢያዩ «አልተለየም» ይላል።

«ምን ማለት ነው?» አለ እንድሪስ።

«ሃያ ሦስት ሰው በአንድ ግድግዳ ስቆ አልቅሶ ግድግዳው ማንን ይጻፍ? ቅኝት የለህም ማለቱ ነው።»

«ትዝታው ግን ተነስቷል?»

«እሱስ ተነስቷል።»

«እንግዲህ ባዶም ቢሆን ይዘን እንሄዳለን» አለ እንድሪስ፣ ድምፁ ግን እንደ ልማዱ አልጎረነነም። ጽሕፈት ቤቱ እሑድ ዝግ ነው። ቀን እንዳይለወጥ ደግሞ ሽማግሌ የቆረጠው ቀን አይነቀነቅም፤ ምናሉም ቶሎ የሚቀየም ሰው ነው።

የዚያን ዘመን ሽምግልና እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ የአግቢውን ማኅተም ይዘው ሄደው በሴቲቱ ቤተሰብ በር ላይ ያስነካሉ። በሩ ቅኝቱን ያሰማል። ቤተሰቡ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሰማና ከጣመው ይከፍታል፣ ካልጣመው ዝም ይላል። የማን ልጅ ነህ፣ ጠባይህ እንዴት ነው ማለት ከቀረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሽማግሌ ደጅ ደርሶ ሳይገባ ከተመለሰ ግን ነገሩ ፈረሰ ነው፤ ሁለተኛ አይላክም። ይህ ብቻ ከድሮ እንዳለ ነው።

እሑድ ቀትር ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው የምናሉ በር ደረሱ። አግቢ በሽምግልናው ዕለት ቤቱ ይቀመጣል እንጂ አይከተልም። ጋሽ ይመርም ቤታቸው ሊቀመጡ ነበር። ቁጭ አሉ፣ ተነሱ፣ ቁጭ አሉ። ኋላ ራሳቸውን ያገኙት ከምናሉ ቤት ቁልቁል ካለው የድንጋይ ካብ ሥር ተሸጉጠው ነው።

እንድሪስ ማኅተሟን በሩ ላይ አስነካ። በሩ ዝም አለ። ማኅተሟን በጋቢው ጫፍ ወልውሎ እንደገና አስነካ። ዝም።

«በደንብ ተጫናት» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«ተጭኛታለሁ።»

«እናንኳኳ ይሆን?»

«ነጭ ጋቢ ለብሰን? በር የሚደበድብ ሌባ ነው ወይ ሰካራም።»

«እንጥራቸዋ።»

«ምን ብለን? በሩ ያልተናገረውን ሰው ይናገረዋል?»

ቆሙ። አንዱ ሰማዩን አየ፣ አንዱ ጫማውን። በመጨረሻ እንድሪስ ማኅተሟን ኪሱ ከተተና ዘንጉን አዞረ። «እንመለስ» አለ።

ጋሽ ይመር ይህን ከካቡ ሥር አዩ። የዘንጉ ጫፍ ወደ ቁልቁለቱ ሲዞር የትርንጎ ፊት ከጭጋጉ በላይ መጣባቸው። ምን እንደሚያደርጉ አላሰቡም፤ እግራቸው ቀደማቸው። ሽቅቡን በአንድ ትንፋሽ ወጥተው ሽማግሌዎቹን አልፈው በሩ ፊት ተገተሩ።

«አንተ፣ አብደሃል? አግቢ እዚህ ምን ይሠራል?» አለ እንድሪስ፣ በሹክሹክታ።

በሮች ገና ድዳ ሳሉ፣ ጋሽ ይመርም ልጅ ሳሉ፣ ሰው ከደጅ ቆሞ የሚላት አንዲት ነገር ነበረች። ከአፋቸው ከወጣች አርባ ዓመት ሊሞላት ነው።

«ቤቶች» አሉ።

ጉሮሯቸውን አጠሩና ደገሙ።

«ኧረ ቤቶች።»

ከውስጥ የነጠላ ጫማ ኮቴ እየተንቀራፈፈ መጣ።

«ማነው?» አለ የወንድ ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ይመር። በር ጠጋኙ።»

«በሬ አልተበላሸም።»

«ለበሩ አይደለም የመጣሁት።»

በሩ ስንዝር ያህል ተከፈተ። ምናሉ ወፍራም፣ ለእሑዱ ከረባት ያሰረ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹን ቆጠረ፣ ሦስት ናቸው። አራተኛው ላይ ቆመ።

«እርስዎስ ምን ሆነው ነው የመጡት?»

«አግቢው ነኝ።»

«አግቢው ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ይመጣል እንዴ?»

«እኛንም የቸገረን እሱ ነው» አለ እንድሪስ።

«ቅኝቱስ? ሰዓቴን እያየሁ ስጠብቅ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም።»

እንድሪስ ማኅተሟን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ምናሉ አገላብጦ አነበበ፣ መልሶ አነበበ፣ ቅንድቡን ሰበሰበ። «ቅኝት የሌለው ሰው ነው እህቴን የሚጠይቀኝ? ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በምን ልወቅ?»

«ትጠይቀዋለሃ» አለች ትርንጎ። ከወንድሟ ትከሻ ጀርባ ቆማለች፤ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋለች፣ ፊቷ ገርጥቷል። «በአፍህ ጠይቀው።»

«አንቺ ግቢ። ደንብ አለ። ሥራሽስ?»

«አስቤበታለሁ። ባቲን ከባዶ ጋር ቢደምሩት ያው ባቲ ነው። ሽቦዬ ላይ እቀመጣለሁ። ማታ ስገባ ደግሞ የማይጨፍርብኝ አንድ ሰው ቤቴ ውስጥ ይኖራል።» ከዚያ ጋሽ ይመርን አየቻቸው። «ሰኞ ጽሕፈት ቤቱ ሌላ ቅኝት እሰጥዎታለሁ ቢል ምን ይላሉ?»

«አልቀበልም እላለሁ።»

«ወረፋ ያስጠብቁዎታል። ዳቦውም የአደረው ይሆናል።»

«እጠብቃለሁ። የአደረም እበላለሁ።»

ትርንጎ ወደ ወንድሟ ዞረች። «በል ጠይቀው።»

ምናሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውን በበሩ ሰምቶ እንጂ በአፉ ጠይቆ አያውቅም። የማን ዘር ነዎት ሊል አሰበ፤ ሆዱ አልፈቀደለትም። ጠባይዎት እንዴት ነው ሊል አሰበ፤ ይህስ ለሰውዬው ለራሱ ይጠየቃል? ከረባቱን ላላ አደረገ። ፊቱ የቆሙት ሰውዬ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። ሽቅቡን በሩጫ ስለወጡት ጉልበታቸው ይርገበገባል፣ ትንፋሻቸውም ገና አልተመለሰም። ምናሉ ጉልበቶቹን ጥቂት ጊዜ አያቸው።

«ምሳ በልተዋል?» አለ በመጨረሻ።

«አልበላሁም።»

«ቁርስስ?»

«ከትናንት ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል።»

ምናሉ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ግቡ በሉ» አለ። «ሌላውን እየበላን እጠይቅዎታለሁ።»